ለቦራ የጠረብኩት ልጓም

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ይቺ አግዳሚ ታረጃለች እንጂ አትሰበርም፤ አራት ሰው ትችላለች። ጀርባችሁን ለግድግዳው ስጡና እግራችሁን ዘርጉ። የማወራላችሁ ስለ አንዲት ፈረስ ነው። ፈረሷ ግን መንገዴ ናት፤ መድረሻዬ አንድ ሰው ማመስገን ነው። ብዙ ጊዜ አመስግኜዋለሁ፣ ገና ይቀረኛል።

ያን ጊዜ ሥራዬ በጋሪ ዳቦ ማመላለስ ነበር። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ የመሣሪያ እጀታ ስጠርብ ነው የኖርኩት፤ የመጥረቢያ፣ የአካፋ፣ የዶማ። ኋላ ገበያው የቱቦና የፕላስቲክ እጀታ ሲለምድ የእኔን እጅ የሚፈልግ ጠፋ። ሦስት ወር በር ላይ ተቀምጬ መንገደኛ ስቆጥር ባለቤቴ ሰለቻት።

«አንተ ሰውዬ፣ እጀታ ካልተሸጠ ጎማ ይንከባለል!» አለችኝ።

አንድ ያረጀ ባለጋሪ ሥራውን ሊተው ነው ሲባል ጋሪውንም ፈረሷንም ከእሱ ወሰድን። ፈረሷ ዳማ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ስለዚህ ቦራ አልናት። ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ጭነን አሥራ አንድ ሱቅ እናደርሳለን። የሱቆቹን በር ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ሳላዛት ትቆማለች፤ ባለሱቁ ከዘገየ ድንጋዩን በኮቴዋ ትደበድብበታለች። የእኔን ስም የሚያውቅ አልነበረም። «የቦራ አባት» ነው የሚሉኝ። እኔም አልከፋኝም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? የእኔ ቦራ ግን ማድረሱንም መዋጋቱንም ለብቻዋ ይዛው ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ከአፏ ነው። ከጋሪው ጋር የወሰድነው የልጓም ብረት ያረጀ ነበር። መሐሉ ላይ ያለው መጋጠሚያ ተበልቶ ስለት አውጥቷል። አንድ ቀን ሳወልቅላት አረፋው ሮዝ ሆኖ አየሁት። የከንፈሯ ጥግ በሁለቱም በኩል ተልጧል። ባለቤቴ ለብ ያለ ውሃ በጨው አድርጋ አጠበችላትና ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄን ብረት ደግመህ አፏ ውስጥ ክተትና፣ እኔ ደግሞ አንተ አፍ ውስጥ ባልከተው!»

ሌላ ብረት ማሠራት ይቻል ነበር። እኔ ግን እንጨት ጠራቢ ነኝ፤ ችግር ሲገጥመኝ እጄ መጥረቢያ ነው የሚፈልገው። ለስለስ ያለ የእንጨት ልጓም ልሥራላት አልኩ።

ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ትልቅ ግቢ አለ። በአጥሩ ጥግ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ተክለውበታል፤ ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ፣ አበባው ሮዝ። ታውቁታላችሁ። ለውበት ብለው በየመንገዱ ዳር ይተክሉታል። ዝናብ ጠፍቶ ሣሩ ሁሉ ሲነድ እሱ አረንጓዴ ነው። ካርቶን የሚበላው ፍየል እንኳ አልፎት ይሄዳል። እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ያን ሰሞን አትክልተኛው ከርክሞት ቅርንጫፉን መንገድ ዳር ከምሮታል።

አንዱን አንስቼ በእጄ መዘንኩት። ለእጀታ የማይሆን እንጨት ነው፣ ይለመጣል። ለአፍ ግን የተፈጠረ መሰለኝ፤ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፣ ቀላል፣ ልጡ እንደ ሰው ቆዳ የለሰለሰ። አያችሁ፣ እኔ እንጨት የማውቀው በእጄ ነው። ጥንካሬውን፣ ክብደቱን፣ ስንጥቁን እጄ ይነግረኛል። ውስጡ ያለውን ፈሳሽ ግን እጅ አይቀምስም። ስቆርጠው ጣቴን አጣበቀኝ፤ ሱሪዬ ላይ ጠረግኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

አውራ ጣት የሚያህል አደረግኩት፤ ጫፍና ጫፉን በስቼ ገመድ አሰርኩበት። ልጡን አልላጥኩትም፣ ይለስልሳት ብዬ። አላደረቅኩትምም። ለሰው እጅ የሚሆን እጀታ አንድ ወር ጥላ ውስጥ ሳይከርም ጠርቤ አላውቅም ነበር። ለቦራ አፍ ግን እርጥቡ ይሻላል አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት የእኔ ቢጤውን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ስንሄድ መንጋጋዋ አላረፈም፤ ታኝካለች፣ ታገላብጣለች፣ ምራቋ ይዝረበረባል። እኔ ሞኙ «ወደደችው!» ብዬ ለየባለሱቁ አሳየሁ። አንዲት ባለሱቅማ «የቦራ አባት፣ ለኔም ባል አንድ ሥራለት፤ አፉ አላርፍ ብሎኛል» አለችኝ። ሳቅን።

በማግስቱ ስድስተኛው ሱቅ ጋ ሳንደርስ ቦራ ቆመች። ሱቅ በሌለበት። «ሂጂ እንጂ» ብላት አንገቷን አዙራ ሆዷን አየች። መሬቱን በእግሯ ጫረች። ላብ አጥምቋታል፤ ጆሮዋን ስነካው ግን ቀዝቃዛ ነው። ዳቦውን ለባለሱቆቹ አደራ ብዬ ከጋሪው ፈታኋትና በእግር ቤት አደረስኳት። ልጓሙን አውልቄ ኩላቡ ላይ ሰቀልኩ።

«ምን በልታ ነው?» አለች ባለቤቴ።

ምን በላች? ድርቆሹ የዱሮው ነው። አዲስ ነገር ቢኖር ትናንት የፈታነው ፉርሽካ ነው። ጆንያውን ከፍቼ አሸተትኩ። ሰው ሲቆጣ አፍንጫውም ይቆጣል መሰለኝ፣ ሻጋታ ሸተተኝ። ባለቤቴ ቦራን በግቢው ዙሪያ ማንሸራሸር ጀመረች፤ ሆዱን የቆረጠው ፈረስ ሲራመድ ይፈታለታል ብለን ነው የምናውቀው። እኔ ወደ ፉርሽካ ሻጩ ሮጥኩ።

እሱን «ብናኝ» ነበር የምንለው። ሽፋሽፍቱ ድረስ የዱቄትና የፉርሽካ ብናኝ ስለማይጠፋበት ነው። ዘጠኝ ዓመት ከእሱ ስገዛ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ያን ቀን ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩ።

«ብናኝ! ሻጋታህን በጆንያ አስረህ ሸጥክልኝ! ፈረሴን ገደልካት! አንተ ሌባ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ብናኝ መለኪያውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ሄዶ እኔ ከገዛሁበት ክምር አንዱን ጆንያ ፈታ፣ እፍኝ ሙሉ ፉርሽካ ዘገነና አፉ ውስጥ ከተተው። እያኘከ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ፉርሽካ ደረቅ ነው፣ በቀላሉ አይዋጥም። ሰዉ ሁሉ አብሮት ምራቁን ሊውጥለት ደረሰ።

ሲጨርስ «ቆማለች ወይስ ተኝታለች?» አለኝ።

«ምን?»

«ቦራ ናታ! ቆማለች ወይስ ተኝታለች?»

«ቆማለች።»

«እንግዲያው አልሞተችም። ስድቡን ለኋላ አስቀምጠው፤ አይበላሽም፣ እንደ ፉርሽካዬ ነው» አለና ደንበኞቹን በእጁ እየገፋ አስወጥቶ ሱቁን ዘጋ። ሞተሩን አስነሳ። «አንተ ወደ ቤት! እኔ የእንስሳት ሐኪሟን ይዤ እመጣለሁ።»

ቤት ደርሼ ብዙም አልቆየሁ፣ ሞተሩ ሲንተከተክ ሰማሁ። የእንስሳት ሐኪሟ ከኋላው ተቀምጣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ወጣት ናት። ገና ከሞተሩ ሳትወርድ ባለቤቴ ቦራን ስታንሸራሽር አየችና ጮኸች።

«እማማ፣ ያቁሟት! አንድ እርምጃ እንዳትጨምር!»

ማዳመጫዋን ከቦራ የፊት እግር ኋላ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

«አባባ፣ ይሄ ሆድ ብቻ አይደለም» አለችኝ። አባባ ስትለኝ ጢሜን ዳሰስኩ፤ ሃምሳ ዓመቴ ነበር እኮ። «ልቧ ነው። ሁለት ይመታና አንድ ይዘላል፣ ከዚያ ሦስት አከታትሎ ይመታል። የሆድ ቁርጠት ቢሆን መራመዱ ደግ ነበር። እንዲህ ያለ ልብ ይዛ ግን ብታንሸራሽሯት እግራችሁ ሥር ትወድቃለች። የበላችው መርዝ አለ።»

እኔ ወደ ብናኝ ጣቴን ላነሳ ስል ሐኪሟ ጆንያውን ከፍታ አሸተተች፣ በጣቷ አበጠረች፣ ለብርሃን አድርጋ አየች። «ይሄ ንጹሕ ነው» አለች። ቀና ብዬ የብናኝን ፊት ማየት አልቻልኩም።

ድርቆሹን አውርደን ሸራ ላይ በተንነው። ያ ሌባ ያልኩት ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ አንዱን ሰበዝ ከሌላው እየለየ ይፈልጋል። ምንም የለም። ግርግሙን ገለበጥን፣ የውሃ ባልዲውን አየን። ምንም። በመጨረሻ ሐኪሟ የቦራን አፍ ከፈተችና በጣቷ ከመንጋጋዋ መሐል ቀጭን አረንጓዴ ልጥ ስባ አወጣች።

«ይሄ ከየት መጣ?»

እኔ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ በኩራት ነው የመለስኩት። «ከልጓሟ ይሆናላ! እኔ ነኝ የሠራሁላት። ብረቱ ሲልጣት ጊዜ...» ብዬ ከኩላቡ አውርጄ ሰጠኋት።

መሐሉ ልጡ አልቋል። እንጨቱ ራሱ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ተበጣጥሷል።

«አባባ፣ ከየት ቆረጡት?»

በሩ ድረስ ወሰድኳትና ከመንገዱ ማዶ ያለውን አበባ አሳየኋት። አየችውና እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ይሄ ዛፍ ቅጠሉም፣ ልጡም፣ እንጨቱም መርዝ ነው። ቢደርቅም መርዝ ነው። ፈረስ ለመግደል እፍኝ ቅጠል ይበቃዋል።»

ተመልሼ የውሃ ባልዲውን ገለበጥኩና ቁጭ አልኩበት። «እኔ ነኝ የገደልኳት» አልኩ። ባለቤቴ መጥታ እጇን አናቴ ላይ ጫነች።

ሐኪሟ ግን እጅጌዋን እየሰበሰበች ነበር። «ገና አልሞተችም። ቅጠሉን በልታው ቢሆን እኔም አልደርስላትም ነበር። ያኘከችው እንጨት ነው፤ ተስፋ አለ። ከሰል እፈልጋለሁ።»

«ከሰል ሞልቷል!» ብላ ባለቤቴ ወደ ማድቤት ስትነሳ ሐኪሟ ያዘቻት። «የምድጃውን አይደለም እማማ። የመድኃኒት ከሰል ነው፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ መርዙን ይመጥጠዋል። እኔ ጋ ያለው አንድ እሽግ ነው፣ ለጥጃ ነው የሚበቃው። ለፈረስ ብዙ ያስፈልጋል።»

ሞተሩ ሲነሳ ሰማን። ብናኝ «ስንት?» ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

ከሄደ በኋላ ሐኪሟ ያላትን ከሰል በጥብጣ ለቦራ በአፍንጫዋ በኩል በቀጭን ቱቦ ሰጠቻት፤ አንገቷም ላይ መርፌ ወጋቻት። እኔ ራሷን ይዣለሁ። «እንዳትደነግጥ» አለችኝ ሐኪሟ፣ «ልቧ ድንጋጤ አይችልም።» አጠገባችን ቆርቆሮ ሠሪ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ነው የሚውለው። ባለቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ ነገረችው። መዶሻውን አስቀመጠ። የሰው ሥራ ይዞ ሳለ፣ ያን ቀን አንዲት ምት አልመታም። ለእሱም ምስጋና አለኝ፤ ይመዝገብልኝ።

ብናኝ ሲመለስ ኪሱ ሁሉ አብጧል። አምስት መድኃኒት ቤት ዞሮ ያገኘውን የከሰል ክኒን በሙሉ ሰብስቧል። ባለቤቴ ሙቀጫዋን አወጣች፤ እሷ ትወቅጣለች፣ እሱ ይነፋል። ያ ዕድሜ ልኩን ነጭ ሆኖ ያየነው ሰው ከአናቱ እስከ ጫማው ጠቆረ። ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ቀሩ።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችውና፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል፣ «ብናኝ፣ ዛሬስ ሚስትህ ታባርርሃለች፤ ሌላ ሰው ነው የመጣው ብላ» አለች።

«ታስገባኛለች» አለ። «ሌላ ሰው ስትጠብቅ ነው የኖረችው።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ቱቦውን ግን አልለቀቀችም። ያ ሁሉ ጥቁር ውሃ ወደ ቦራ ሆድ ወረደ። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ሳታነሳ ለራሷ ታወራለች። «ዘለለ... መታ፣ መታ... ዘለለ...» እኔ ዘለለ ባለች ቁጥር የራሴ ልብ ይዘላል። ጥላው ከግድግዳው ሥር ተነስቶ ግቢው መሐል ደረሰ። ብናኝ ሱቁን አልከፈተም። ከጋጣው ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ ከነጥላሸቱ ቦራን ያያል። ልሂድ አላለም፣ አላማረረም፤ እኔም ይቅርታ ልበለው ብዬ አፌን እከፍትና መልሼ የቦራን ግንባር እዳብሳለሁ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሐኪሟ ዝም አለች። ዝም ስትል ጨነቀኝ።

«ምነው ዶክተር?»

«ቆይ እስቲ...» አለች። ብዙ ቆየች። «እየዘለለ አይደለም። ልክ እየመታ ነው።»

ወዲያው ቦራ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ጆሮዋን ወደፊት አቀናች። ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እኔ የቦራን አንገት አቅፌ የማንን ስም እንደጠራሁ አላውቅም።

ሐኪሟ ሳትሄድ ሁለት ነገር አዘዘች። አንደኛ፣ ወር ሙሉ ጋሪ የለም። ሁለተኛ፣ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ጨርሶ ይቅር ብላ ከቆዳ ጠፍር አፍንጫ ላይ ብቻ የሚያርፍ ልጓም እንዴት እንደሚሠራ በወረቀት ስላ አሳየችኝ። ለካ ያለ ብረትም ያለ እንጨትም ይነዳል! ብጠይቃት ኖሮ ከሦስት ቀን በፊትም ልትነግረኝ ትችል ነበር።

ዳቦውስ? ብናኝ የእጅ ጋሪውን አዋሰኝ። ወር ሙሉ አሥራ አንዱን ሱቅ ራሴ እየገፋሁ አዳረስኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትሸኘኛለች፦ «ፈረሳችን ሁለት ሆነ፤ ይሄኛው ግን ያወራል!»

ቦራ በተረፈች በማግስቱ ግን ወደ ብናኝ ሱቅ ሄጄ ነበር። ሆን ብዬ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ነው የሄድኩት፤ በአደባባይ የሰደብኩትን ጓዳ ገብቼ ይቅርታ ብለው ነውር ነው። «ወንድሜ፣ ሌባ ብዬሃለሁ። ፈረሴን የመረዝኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ያዳንካት ደግሞ አንተ ነህ። ይቅር በለኝ» አልኩ።

«አልሰማሁህም» አለ ፉርሽካ እየሰፈረ።

«ይቅር በለኝ!»

«ጮክ በል እንጂ። ትናንት እኮ እስከ ዳቦ ቤቱ ነው የተሰማኸው።»

ጮህኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ብናኝ ግን አልሳቀም፤ ክንዴን ይዞ ወደ ጆንያዎቹ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያን ፉርሽካ ለምን የበላሁ ይመስልሃል?»

«ልታሳፍረኝ።»

«አይደለም። ፈርቼ ነው። ባለፈው ዝናብ ጣራዬ አፍስሶ ነበር፤ ሁለት ጆንያ ረጥቦብኝ ጥያለሁ። ስትጮህብኝ 'ሦስተኛ አምልጦኝ ይሆን?' አልኩ። አንተ ልጄን ብትገድልብኝ እኔስ የማልጮህ ይመስልሃል? ማወቅ ነበረብኝ፤ ቀመስኩት።»

አያችሁ ልጆቼ? እኔ እርግጠኛ ሆኜ ሌላውን ከሰስኩ፤ እሱ ንጹሕ ሆኖ ራሱን ጠረጠረ። ቦራን ያተረፋት ይሄ ነው። እሱም እንደ እኔ «እኔ አልሳሳትም» ብሎ ሱቁ ውስጥ ሲከራከር ቢውል ኖሮ፣ ሁለታችንም ስንጨርስ የምናነሳው ሬሳ ነበር።

ቦራ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሠራች። አርጅታ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ጥርሷ አልቆ፣ በራሷ ጊዜ ሄደች። ሐኪሟ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ ባገኘኋት ቁጥር እጇን እስማለሁ፣ ታፍራለች። ብናኝም አልፏል። ቀብሩ ላይ ስለ ሱቁ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀልዱ ብዙ ተነገረ፤ ስለ ከሰሉ የተናገረ አልነበረም። ያወቅነው ጥቂት ነን፣ እየቀነስንም ነው።

እንግዲህ የእኔ ወሬ ይኸው ነው። መንገድ ዳር ያን ሮዝ አበባ ስታዩ እዩት፣ ውበት ነው፤ ግን ቅርንጫፉንም ሆነ ክርካሚውን መጠየቅ ለማይችል አፍ አታቅርቡ። ካላወቃችሁ የሚያውቅ ጠይቁ። ደግሞ ብናኝ የሚባል ሰው ነበር፣ ሌባ ብሎ ለሰደበው ሰው አምስት መድኃኒት ቤት የዞረ። እኔ ባልኖር እሱን እናንተ አስታውሱልኝ፣ እባካችሁ።